ጠላን «ተወዳጅ መጠጥ» ብሎ መጻፍና ሌሎች ስህተቶቻችን

ባሕር ዳር ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጣቶችን ሰብስቤ የአካባቢያችን ምግብና ባህል በውክፔዲያና ማንም በነጻ የሚጠቀምባቸው ፎቶዎች በሚቀመጡበት በዊኪሚዲያ ኮመንስ እንዴት እንደሚመዘገብ ማሳየት ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። ጀማሪዎቹ በየጊዜው ይለዋወጣሉ፤ ስህተቶቹ ግን እነዚያው ናቸው። አካውንት አከፋፈትንና የአማርኛ ፊደል አጻጻፍን ማንም ስለሚያውቀው እዘለዋለሁ። የማነሣው ትዕግሥቴን የፈተኑትን ስህተቶች ነው፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹን ራሴ ፈጽሜአቸዋለሁ።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ መግለጽ በሚገባበት ቦታ ማሞገስ ነው። ስለ ጠላ እንዲጽፍ ያደረግሁት አንድ ተማሪ ያመጣልኝ ጽሑፍ «ጠላ ከጥንት ጀምሮ በሕዝባችን ዘንድ እጅግ ተወዳጅ የሆነ ጣፋጭ ባህላዊ መጠጥ ነው» ብሎ ይጀምርና በዚያው ቃና አንድ ገጽ ይሞላል። ያንን ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ጠላ ከምን እንደሚጠመቅ እንኳ አያውቅም። ልጁን «እናትህ ጠላ ይጠምቃሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አዎ፣ ለማኅበር ሁልጊዜ እርሳቸው ናቸው» አለኝ። «እስቲ ከጋኑ ጀምረህ ንገረኝ» አልሁት። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጢስ እንደሚታጠን፣ ጌሾው ደርቆ ከተወቀጠ በኋላ ከብቅልና ከውኃ ጋር ጥንስሱ እንደሚጣል፣ የዳጉሳ ቂጣ ተጋግሮ እንደሚቆራረስ፣ ዱቄት ውኃ እየተርከፈከፈበት በምጣድ ላይ ጠቆር እስኪል ሲታመስ እንኩሮ እንደሚባል፣ ይህ ሁሉ ጥንስሱ ላይ ሲጨመር ድፍድፍ እንደሚሆን፣ ገና ሳይጠራ የሚቀዳው ደግሞ ጉሽ እንደሚባል አንድም ሳያስቀር ነገረኝ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ብዕር ሲያነሣ የጻፈው «ተወዳጅ» የሚል ቃል ነው!

ተወዳጅነት በምንም ሚዛን አይለካም፤ «ከጥንት ጀምሮ» የሚለው አነጋገር ዘመን አይሆንም፤ «ጣፋጭ» የሚለው ቃል ደግሞ ጌሾ የቀመሰ ሰው ሁሉ የሚታዘበው ሐሰት ነው። እንኩሮ፣ ድፍድፍና ጉሽ ግን እያንዳንዳቸው ማብራሪያ የሚገባቸው ቃላት ናቸው። የውክፔዲያ እኅት የሆነው የመረጃ ቋት ዊኪዳታ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቃላትን ከነትርጉማቸውና ከነእርባታቸው ለመመዝገብ የሚያስችል ክፍል ስላለው፣ መጣጥፍ ለመጻፍ የሚፈራ ሰው በእነዚህ ሦስት ቃላት ሊጀምር ይችላል። የዚህ ስህተት መንትያ «ኢትዮጵያውያን ጠላን እንዲህ ይጠምቃሉ» የሚለው ጅምላ አነጋገር ነው። በእኛ አካባቢ ዳጉሳ ወደ ጋኑም ወደ እንጀራውም ይገባል፤ ሌላው አገር ግን የራሱ እህል አለው። የማን ቤት፣ የትኛው ወረዳ፣ የትኛው እህል የሚሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ «ኢትዮጵያውያን» የሚለው ቃል ባይጻፍ እመርጣለሁ።

ያ ተማሪ በሚቀጥለው ቅዳሜ የእናቱን አጠማመቅ እንደ ነገረኝ አድርጎ ጽፎ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ሌላ ስህተት ላይ ወደቀ፤ እርሱም ያለ ምንጭ መጻፍ ነው። ውክፔዲያ የታተመና ሌላ ሰው ገልጦ ሊያረጋግጠው የሚችል ምንጭ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው ራሱ ጠይቆ ያጠናቀረውን አዲስ ጥናት አይቀበልም። «እናቴ ነገረችኝ» የሚለው ማስረጃ ለቤተሰብ በቂ ቢሆንም ለመዝገበ ዕውቀት አይሆንም። ይህ ደንብ ዕውቀታቸው በቃል በሚተላለፍ ሕዝቦች ላይ የሚጫን ሸክም መሆኑን እኔም አምናለሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. በህንድና በደቡብ አፍሪካ በድምፅ የተቀዳ የቃል ምስክርነትን እንደ ምንጭ የመጠቀም ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ ደንቡ ግን ዛሬም ያው ነው። እኔ የማደርገው የእናትን ወጥ ቤት እንደ ምንጭ ሳይሆን እንደ መሪ መጠቀም ነው፤ እርሳቸው «እንኩሮ» ካሉ በኋላ ስለ እንኩሮ የታተመ የምግብ ሳይንስ ጥናት ፍለጋ እወጣለሁ፤ ስለ ጠላ አጠማመቅ ደግሞ የታተመ ጥናት አለ። የሥራውን ሂደት ፎቶግራፍ ከነማብራሪያው ኮመንስ ላይ ማስቀመጥም የታተመ ምንጭ አያስፈልገውም። ስለ መጠኑ ግን አትድከሙ፤ «ሁለት ሊትር ውኃ ጨምሩ» የሚል ትእዛዝ ለምግብ አሠራር መጽሐፍ እንጂ ለመጣጥፍ አይሆንም።

ከመጽሐፍ ላይ ቃል በቃል መገልበጥ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ የሰው መብት መድፈር ስለሆነ አልከራከርበትም፤ እሰርዘዋለሁ።

የማሽን ትርጉም ግን ያስቀኛልም ያናድደኛልም። አንዲት ትጉህ ልጅ ስለ ጣና ዓሣዎች ከእንግሊዝኛ ያስተረጎመችውን ጽሑፍ ስከፍት «የድመት ዓሣ» የሚል ፍጡር ገጠመኝ። ልጅቱ ያደገችው አምባዛ በየቀኑ በሚሸጥበት ሰፈር ነው። በዚያው ጽሑፍ ዳጉሳ «የጣት ማሽላ» ሆኗል፤ ደንገልም «የፓፒረስ ተክል» ተብሏል። መሣሪያውን መጠቀም ነውር የለበትም፤ ነገር ግን የተተረጐመውን ጽሑፍ ገበያ ውስጥ ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ሻጯ ካልገባት ገና አማርኛ አልሆነም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የፊደላችን ጣጣ ነው። «ዓሣ» የሚለውን ቃል ብቻ ውሰዱ። የመጀመሪያው ድምፅ በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ፣ ሁለተኛው ደግሞ በሳ ወይም በሣ ሊጻፍ ስለሚችል አንዱ ቃል 8 መልክ አለው። እኔ «የዓሣ ወጥ» ብዬ የጻፍሁትን ሌላው «አሳ ወጥ» ብሎ ፈልጎ ሲያጣው እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ በዚህ ዓይነት ሁለት ደካማ መጣጥፎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አዲስ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት ቃሉን በተለያየ ፊደል ፈልጉት፤ ከከፈታችሁም በኋላ የቀሩት አጻጻፎች ወደ እርሱ እንዲመሩ የማዞሪያ ገጽ ሥሩ። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሆኖም ሳላስታውሰው የሚሠራ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

በፎቶግራፍ ረገድ ከምግብ ይልቅ ዓሣ ብዙ አስተምሮኛል። የባሕር ዳር ሰው ዓሣን ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ብሎ ይለያል፤ ሆኖም «ነጭ ዓሣ» በሚለው አንድ ስም ሥር የሚሸጡት ላቢዮባርበስ የሚባለው ወገን ዝርያዎች በጣና ብቻ ከ15 አያንሱም። ተማሪዎቼ የሚያመጡልኝ ፎቶ ግን ከላይ ወደ ታች የተነሣ፣ ሎሚና ቃሪያ የተደረደረበት ጥብስ ነው፤ ስሙም «ባህላዊ ምግብ 3» ይባላል። ከመጠበሱ በፊት ከጎኑ፣ አፉና ክንፎቹ በግልጽ እየታዩ ቢነሣ ኖሮ የዓሣ ተመራማሪ ሳይቀር ይጠቀምበት ነበር። የፋይሉም ስም ምን እንደሆነ፣ የት እንደተነሣና መቼ እንደተነሣ መናገር አለበት። በቴሌግራም ተልኮ የመጣ ፎቶ አትጫኑ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ካሜራው የጻፈበት መረጃም ይጠፋል፤ የኮመንስ ገምጋሚዎችም እንዲህ ያለውን ምስል ከሌላ ቦታ የተወሰደ ነው ብለው ይጠረጥሩታል። የግድ ከሆነ እንደ ፋይል አስልኩት። ቀኑንም ከነአቆጣጠሩ ጻፉ፤ የስልኩን ቀን በእኛ ዘመን የሞላ አንድ ጓደኛችን የ2011 ዓ.ም. ጥምቀትን ሲጭን ምስሎቹ ከ8 ዓመት በፊት የተነሡ ሆነው ተመዝግበዋል።

አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም ሁለት ተማሪዎቼ በአንድ መስመር ተጣሉ። አንዱ «ዓሣ የጾም ምግብ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «በጾም ዓሣ አይበላም» ብሎ ይሰርዘዋል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲመልስ ዋለ። የዓሣ ገበያችን የሚደምቀው በእነዚያው 55 ቀናት መሆኑም ሐቅ ነው፤ ሥርዓቱ አይፈቅድም ብለው የማይነኩት መኖራቸውም ሐቅ ነው። መጣጥፉ ማን እንደሚበላና ማን እንደማይበላ፣ እያንዳንዱም በምን ምክንያት እንደሆነ ሊናገር ይገባል እንጂ ሊፈርድ አይገባውም።

«ፈረንጅ እንዳይወስድብን እንመዝግበው» የሚል መነሻም አለ፤ የሚጀምሩት በፍቅር ስለሆነ መቆጣት አልችልም። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። ዩኔስኮ ጥምቀትን በ2019 እ.ኤ.አ. የመዘገበው መንግሥት ባቀረበው ሰነድ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ያወጣውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት በ2018 እ.ኤ.አ. የሻረውም የሄግ ፍርድ ቤት ነው። ውክፔዲያ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ግን አጥር አይሆንም፤ ጽሑፉ የሚለቀቅበት ፈቃድ ራሱ ማንኛውም ሰው ምንጩን እስከ ጠቀሰና የለወጠውን በዚያው ፈቃድ እስከ ለቀቀ ድረስ ለንግድ ጭምር ሊጠቀምበት እንደሚችል ይናገራል። እንዳይወሰድ የሚፈለግ ነገር ካለ ቦታው እዚያ አይደለም።

ይህን ፈቃድ ለሌላ ሰው በሚገባ ሳያስረዱ ፎቶ ማንሣት ራሴ የፈጸምሁት ስህተት ነው። በጀመርሁ ሰሞን በሐይቁ ዳር ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሆኑ አንድ አዛውንት የደንገል ታንኳ ሲሠሩ አገኘሁ። «ላንሣዎት አባባ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ «አንሺ ልጄ» አሉኝ፤ እኔም ፈቃድ ያገኘሁ መስሎኝ ምስሉን ጫንሁት። ከጊዜ በኋላ ያው ምስል በአንድ ሆቴል ማስታወቂያ ላይ ተለጥፎ አየሁት። ሆቴሉ የፎቶ አንሺዋን ስም ስለ ጠቀሰ በፈቃዱ መሠረት አላጠፋም። አዛውንቱ ግን እኔን እንጂ ሆቴሉን አልፈቀዱለትም። ሄጄ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ ያን ቀን ለማን እንደምትሰጪው አልነገርሽኝም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ካሜራዬን ከማውጣቴ በፊት «ይህን ምስል የማላውቀው ሰው ሊሸጠው ይችላል፤ ከወጣም በኋላ መመለስ አይቻልም» ብዬ አስረዳለሁ፤ ከሰሙ በኋላ እምቢ የሚሉኝ አሉ፤ ያኔ እጆቹንና ደንገሉን ብቻ አነሣለሁ፤ አንዳንዴም ምንም ሳላነሣ እመለሳለሁ።

ባለፈው ዓመት ስለ ታንኳ የጻፍሁትን መጣጥፍ በወረቀት አትሜ ለእኚያው አዛውንት አነበብሁላቸው። የታንኳን ዕድሜ በወራት የቈጠርሁበት ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። «ማታ ማታ አውጥቶ የሚያቆመውና ውኃ ላይ ጥሎት የሚያድረው ሰው እኩል ታንኳ የላቸውም» አሉኝ፤ ደንገል ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ካልደረቀም ይበሰብሳል። የእኔ ወራት ግን ከታተመ ጽሑፍ የተወሰዱ ስለሆኑ መጣጥፉ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። የእርሳቸውን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ ከነቀኑ ጽፌዋለሁ፤ እርሱን የሚል የታተመ ገጽ ፍለጋ ገና አልጨረስሁም።