ከድሮ ቪዲዮ የወጣች ትንሽ የኃይሌ ፎቶ ቀለሟን አስተካክሎ ጥርት ማድረግ

የሲድኒ 2000ን የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ስክሪንሾት አንስታችሁ ለቴሌግራም ኢሞጂ ወይ ስቲከር ልታደርጉት ስትሉ ቢጫ ቢጫ ይልና ፊቱ ድብዝዝ ይላል አይደል፣ ኃይሌና የኬንያው ቴርጋት ተናንቀው በ0.09 ሰከንድ የተለያዩባት ቅጽበት እንደዛ ሆና ስትቀር በጣም ነው የሚያንገበግበኝ። እኔ የምሰራው ጂምፕ በሚባል የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፣ ነጻ ነው፣ ፎቶሾፕ ላይም አካሄዱ ያው ነው።

ከቲቪ የተቀዳ ቪዲዮ ከሆነ የሚወረወረው እጅና እግር ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ታያላችሁ፣ እሱን መጀመሪያ ፊልተርስ ውስጥ ኢንሃንስ ገብታችሁ በዲኢንተርሌስ አጥፉት፣ አለዛ በኋላ ሻርፕ ስታደርጉ የሚጎላው መስመሩ ነው።

ቀለሙን ፎቶው ገና ትልቅ እያለ ጨርሱ። ከለርስ ውስጥ ሌቭልስ ክፈቱና የግራጫዋን መምረጫ ይዛችሁ የመሙ ነጭ መስመር ላይ ጠቅ አድርጉ፣ ግን ጸሀይ ወይ መብራት ያነጣው ቦታ ላይ ሳይሆን ትንሽ ጥላ ያረፈበት ጋ፣ ቢጫው ወዲያው ሲለቅ ታያላችሁ። አውቶ የሚለውን እባካችሁ አትንኩት፣ ጠይም ፊት አመድ ያስመስላል፣ የኛን ልጆች ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው እሱ ነው። ፊቱ ከጨለመ ከርቭስ ላይ መሀሉን ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ የጥቁሩ ጫፍ ባለበት ይቆይ፣ ቆዳው የራሱ መልክ ሊኖረው ይገባል።

ክሮፕ ስታደርጉ የግራ ክንዱን አትቁረጡ! ልጅ ሆኖ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የቀረችበት አያያዝ ናት፣ ፎቶዋ የቱንም ያህል ብታንስ ኃይሌ መሆኑ በሷ ይታወቃል።

ከዛ ማሳነስ። የቴሌግራም ኢሞጂ 100 በ100 ፒክስል ነው፣ ስቲከር ግን አንዱ ጎኑ 512 መሆን ስላለበት ከድሮ ቪዲዮ የተቆረጠ ፊት ወደዛ ሲለጠጥ ይፈራርሳል፣ ለስቲከር ሙሉ ቁመናውን ውሰዱ።

ሻርፕ የሚደረገው ካሳነሳችሁ በኋላ መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀድማችሁ ካደረጋችሁት ሲያንስ ይጠፋል። ሌየሩን (የፎቶውን ንብርብር) ዱፕሊኬት አድርጉና አንሻርፕ ማስክን ክፈቱ፣ ሬዲየሱ (ጠርዙ ላይ የሚጎላው ስፋት) 3 ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ለ100 ፒክስል ያ በጣም ብዙ ነው፣ ጭንቅላቱ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያወጣል፣ ወደ 0.5 አውርዱት፣ አማውንቱንም (የሻርፑን ጥንካሬ) ከ0.4 ጀምራችሁ እያያችሁ ጨምሩ። የላይኛውን ሌየር ሞድ ሉሚናንስ አድርጉት፣ የማልያው ቀለም ጠርዝ ላይ እንዳይጋነን። ግንባርና ጉንጩ ከሻከረ እዛ ጋ በኢሬዘር ጥረጉት፣ አይንና ጥርሱ ጋ ተዉት። ዙም 100 ፐርሰንት አድርጋችሁ ነው የምትፈርዱት፣ 400 ላይ ሁሉም አስቀያሚ ነው።

ኤክስፖርት ስታደርጉ ፒኤንጂ ይሁን፣ ጄፔግ ቀዩን ቀለም ያጨማልቀዋል፣ ለሰው ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከሄደ ቴሌግራም ራሱ ይጨምቀዋል።