ወጣት ኳርተርባክ ላይ የሚያከስሩ ስህተቶች

የኛ የፋንታሲ ሊግ (እውነተኛ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችን በወረቀት ላይ ይዘን በሜዳ ውጤታቸው የምንፎካከርበት ጨዋታ) ተጫዋቹን ከዓመት ዓመት ይዘህ የምትቀጥልበት ዓይነት ነው። አብዛኞቻችን ዲሲ ዙሪያ ነን። ሊጉን የማስተዳድረው እኔ ስለሆንኩ፣ ሰው ሲከስር መጀመሪያ የሚደውለው ለኔ ነው። ከመክሰሩ በፊት የሚደውል ግን የለም።

ስልኩ ደግሞ ሁሌም ስለ አንድ ዓይነት ተጫዋች ነው፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመቱን ስለያዘ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን እየወረወረ ጥቃቱን ስለሚመራው ተጫዋች። "አምና ሁለት አንደኛ ዙር ምርጫ ሲሰጡኝ እምቢ አልኩ፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ዙር እንኳን የሚሰጠኝ ጠፋ። ልጁ እኮ ያው ነው!" እውነቱን ነው። ልጁ ብዙ ጊዜ ያው ነው። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። በእውነተኛው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤልም ያው ስለሆነ ምሳሌዎቹን ከዚያው አመጣለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለአዲስ ሰው አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቡድኖች ተጫዋች ሲገዙ የሚከፍሉት በአብዛኛው በድራፍት ምርጫ ነው፤ ድራፍት ማለት ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ነው። ድራፍቱ ሰባት ዙር አለው። አንደኛ ዙር ውድ ነው። ስድስተኛና ሰባተኛ ዙር ሲባል ከሰማህ "ውሰድልኝና ገላግለኝ" ማለት ነው።

የተመረጠበትን ቁጥር እንደ ዋጋ መያዝ

"ሁለተኛ የተመረጠ ልጅ እኮ ነው" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ወደ 2021 እመልሰዋለሁ። በዚያ ድራፍት ከመጀመሪያዎቹ 15 ምርጫዎች አምስቱ ኳርተርባኮች ነበሩ። ትሬቨር ሎውረንስ 1ኛ፣ ዛክ ዊልሰን 2ኛ፣ ትሬይ ላንስ 3ኛ፣ ጀስቲን ፊልድስ 11ኛ፣ ማክ ጆንስ 15ኛ። በ2024 ክረምት በመረጠው ቡድን ውስጥ የቀረው ሎውረንስ ብቻ ነበር። ዊልሰንን የመረጡት የኒው ዮርክ ጄትስ ለዴንቨር ሲሰጡት የተቀበሉት አንድ ስድስተኛ ዙር ምርጫ ነው። እሱንም ቢሆን ከልጁ ጋር ሰባተኛ ዙር ምርጫ መርቀው ነው ያገኙት።

ቁጥሩ የሚነግርህ አንድ ቡድን በአንድ ምሽት ምን እንዳሰበ ነው። የቀሩት ቡድኖች ያንኑ ልጅ ሁለተኛ ዙር ላይ አስቀምጠውት ሊሆን ይችላል። ሜዳ ገብቶ ከተጫወተ በኋላ ደግሞ ሁሉም የሚያየው ቪዲዮውን ነው።

አሰልጣኙን አለማየት

ማክ ጆንስ በ2021 ኒው ኢንግላንድን ፕሌይኦፍ (የሲዝኑ መጨረሻ ጥሎ ማለፍ) አስገብቷል። ከወረወራቸው ኳሶች 67.6 በመቶው ተይዘውለታል፣ 22 ታችዳውን (እንደ ጎል በለው) አቀብሏል። ለጀማሪ ግሩም ነው። ያን ክረምት እሱን ከሊጋችን መግዛት የሚታሰብ አልነበረም።

ከዚያ በየጥቃቱ ምን እንደሚሞከር ይወስንለት የነበረው ጆሽ ማክዳንየልስ የሬይደርስ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሄደ። ዋናው አሰልጣኝ ቤሊቺክ ሥራውን የሰጠው ብዙ ዕድሜውን በመከላከል በኩል ላሳለፈው ለማት ፓትሪሺያ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ቢል ኦብራየን መጣ። በሦስት ዓመት ሦስት ሰው ማለት ነው። ልጁ በ2023 ከሜዳ እየወጣ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በመጋቢት 2024 ለጃክሰንቪል በስድስተኛ ዙር ምርጫ ተሸጠ።

የመረጠው ጄኔራል ማኔጀር (ተጫዋች የሚመርጠውና የሚገዛው ኃላፊ) ከተባረረማ ጉዱ ፈላ። አዲሱ ሰውዬ በሌላ ሰው ምርጫ መዳኘት አይፈልግም። ልጁ ቢሳካለት ምስጋናው የቀድሞው ነው፤ ቢወድቅ ጣጣው የሱ ነው። ፊልድስን ቺካጎ ውስጥ የመረጡት ጄኔራል ማኔጀሩ ራያን ፔስና አሰልጣኙ ማት ናጊ ከአንድ ሲዝን በኋላ ተባረሩ። ስለዚህ የአሰልጣኝ መባረር ዜና ስትሰማ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ጥያቄህ "ኳርተርባኩን ማን ነበር የመረጠው?" የሚል ይሁን።

መሸጥህን አገር ካወቀ በኋላ መሸጥ

እዚህ ላይ ትንሽ ልጩህ፤ ፍቀዱልኝ።

በየዓመቱ አንድ ሰው አዲስ ኳርተርባክ ይመርጣል። በማግስቱ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የድሮውን ፎቶ ይለጥፍና "ለሽያጭ፣ ጥሩ ዋጋ የሚያቀርብ በውስጥ መስመር" ብሎ ይጽፋል። ወንድሜ፣ ምን ዓይነት ጥሩ ዋጋ? ሁለቱን አብረህ ማሰለፍ እንደማትችል እናውቃለን። ቦታ እንደሌለህም እናውቃለን። የበዓል ዋዜማ ከመሸ በኋላ አንድ በግ ይዞ የቀረ ነጋዴ ሆነሃል። ገዢው አይቸኩልም፤ በጉን ይዘህ ወደ ቤት እንደማትመለስ ያውቃላ።

የዚህ ስህተት አውራ ምሳሌ ጆሽ ሮዝን ነው። አሪዞና በ2018 ከ15ኛ ወደ 10ኛ ለመውጣት ተጨማሪ ምርጫ ከፍሎ መረጠው። ያ ዓመት መከራ ነበር። ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ የአጥቂ ክፍሉ አሰልጣኝ በሲዝኑ መሃል ተባረረ፤ ሲዝኑ ሲያልቅ ዋናው አሰልጣኝም ተከተለ። ልጁ 11 ታችዳውን እና 14 ኢንተርሴፕሽን (ተቃራኒ ቡድን የያዘበት ኳስ) ይዞ ጨረሰ። መጥፎ ነው። ግን የ21 ዓመት ልጅ፣ በፈረሰ ቡድን ውስጥ፤ ያኔ ብዙ ሰው ይቅር ይለው ነበር።

በጥር 2019 ክሊፍ ኪንግስበሪ ተቀጠረ። ይህ ሰው ከጥቂት ወራት በፊት፣ የቴክሳስ ቴክ አሰልጣኝ ሆኖ፣ የኮሌጁን ኳርተርባክ ካይለር መሪን ብችል በአንደኛ ምርጫ እወስደው ነበር ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። አሪዞና ደግሞ አንደኛውን ምርጫ ይዟል። በየካቲት መጨረሻ ጄኔራል ማኔጀሩን ጋዜጠኞች ሮዝን የእናንተ ኳርተርባክ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። አዎ አለ፤ ግን "አሁን ላይ" የምትል ነገር ጨመረባት። በቃ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሮዝን ዋጋ በየቀኑ ይወርድ ነበር። ልጁ ግን አንድም ኳስ አልወረወረም። ሲዝኑ አልቋል፣ ቤቱ ነው ያለው።

ሚያዝያ ላይ፣ በድራፍቱ የመጀመሪያ ምሽት አሪዞና መሪን መረጠ፤ ሮዝንን ግን አልሸጠም። በማግስቱ ምሽት የማያሚ ሰዎች ያደረጉትን ልብ በል። 48ኛ ምርጫ ነበራቸው። አሪዞና ያቺን ቢሰጡት ደስ ባለው። እነሱ ግን 48ኛዋን ለኒው ኦርሊንስ ለቀው ወደ 62ኛ ወረዱ። በለውጡም የቀጣዩን ዓመት ሁለተኛ ዙር ምርጫ ተቀበሉ። ከዚያ ረጋ ብለው 62ኛዋን እና ለ2020 አንድ አምስተኛ ዙር ምርጫ ሰጥተው ሮዝንን ወሰዱ። 10ኛ የተመረጠ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ። የፊርማ ቦነሱን የከፈለውም አሪዞና ነው፤ ለማያሚ የቀረው ርካሹ ደሞዝ ነበር።

ሌሎችም አሉ። ክሊቭላንድ በ2022 ሌላ ኳርተርባክ፣ ዴሾን ዋትሰንን ካመጣ በኋላ ቤከር ሜይፊልድን እስከ ሐምሌ ይዞት ተቀመጠ። አንደኛ የተመረጠውን ልጅ በመጨረሻ በአምስተኛ ዙር ምርጫ፣ ያውም ከደሞዙ ከግማሽ በላይ ራሱ ከፍሎለት፣ ለካሮላይና ለቀቀው። ቺካጎ በ2024 አንደኛውን ምርጫ ይዞ ኬሌብ ዊልያምስን እንደሚወስድ አገር ሲያወራ ፊልድስን ለገበያ አወጣ። ያገኘው አንድ ስድስተኛ ዙር ነው። ብዙ ከተጫወተ ወደ አራተኛ ከፍ ይላል የሚል ውል ነበረው፤ ከፍም አላለም። ይህ ልጅ በ2022 ሮጦ ብቻ 1,143 ያርድ የሸፈነ ነው። በ2023 ጸደይ ቢሸጡት ስንት ያመጣ እንደነበር ማንም አያውቅም። ስድስተኛ ዙር ግን አይሆንም ነበር።

በደንብ የሸጠ ማን አለ? የሚገርመው ጄትስ። በ2021 ሁለተኛውን ምርጫ ይዘው ዊልሰንን እንደሚፈልጉ ይወራ ነበር። እነሱ ግን ሳም ዳርኖልድን ድራፍቱ ሊደርስ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲቀረው ሸጡት። አንድ ሁለተኛ፣ አንድ አራተኛና አንድ ስድስተኛ ዙር ምርጫ ተቀበሉ። ዳርኖልድ በሦስት ዓመት ያሳየው ነገር ከሮዝን እጅግ የሚሻል አልነበረም። ልዩነቱ ሌላው ልጅ ገና ቤት አለመግባቱ ነው። እና እባክህ፣ መጀመሪያ ሽጥ፣ ከዚያ ምረጥ። ፎቶውንም አትለጥፍ።

የኮንትራቱን ሰዓት መርሳት

አንደኛ ዙር ላይ የተመረጠ ልጅ የአራት ዓመት ርካሽ ኮንትራት አለው። አምስተኛውን ዓመት ቡድኑ ከፈለገ ይጨምራል። ውሳኔው ሦስተኛው ሲዝን ካለቀ በኋላ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው። በ2020 ከተደረሰው የሠራተኛ ስምምነት ወዲህ ደግሞ ያ አምስተኛ ዓመት ከተጨመረ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠ ነው፤ ወደ ኋላ የለም።

ስለዚህ ከአንደኛው ዓመት በኋላ የሚገዛ ሰው ሦስት ርካሽ ዓመት ያገኛል። ከሦስተኛው በኋላ የሚገዛ አንድ ርካሽ ዓመትና ከባድ ውሳኔ ነው የሚያገኘው። ዊልሰን፣ ፊልድስና ጆንስ ሦስቱም በመጋቢትና በሚያዝያ 2024 የተሸጡት በአጋጣሚ አይደለም። ካሮላይና ዳርኖልድን ሲወስድ አምስተኛውን ዓመትም ጨመረለት፤ 18.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ልጁ አልሆነለትም፤ ሒሳቡ ግን ተከፈለ።

በኛ ሊግ ኮንትራት ስለሌለ ይህ አይመለከተንም የሚል ሰው አለ። ይመለከተናል። እውነተኛው ቡድን ልጁን ሲተው አንተም የያዝከው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

"ይድናል" ብሎ ማለፍ

ሳን ፍራንሲስኮ ለትሬይ ላንስ ሦስት አንደኛ ዙርና አንድ ሦስተኛ ዙር ምርጫ ከፍሏል። መስከረም 18 ቀን 2022፣ ከሲያትል ጋር ገና በመጀመሪያው ሩብ፣ ኳሱን ይዞ ሲሮጥ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ጂሚ ጋሮፖሎ ገባ። ታኅሣሥ ላይ ጋሮፖሎም ተጎዳ። ያኔ የዚያ ዓመት ድራፍት የመጨረሻው ምርጫ፣ 262ኛው ብሮክ ፐርዲ ገባ። ከዚያ በኋላ ቦታው የፐርዲ ሆነ።

የላንስ ቁርጭምጭሚት ዳነ። ቦታው ግን ተይዞ ጠበቀው። በነሐሴ 2023 ለዳላስ በአራተኛ ዙር ምርጫ ተሸጠ። ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ገና ያልበሰለ ኳርተርባክ ሲጎዳ የሚያጣው ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የሚማርበትን ጊዜ ጭምር ነው። ላንስ ኮሌጅም ላይ ሙሉ ሲዝን የተጫወተው አንዴ ነው። የኢንዲያናፖሊሱ አንቶኒ ሪቻርድሰንም እንዲሁ። ፍሎሪዳ ላይ 13 ጨዋታ ጀምሮ በ2023 4ኛ ተመረጠ። በመጀመሪያው ዓመቱ ትከሻው ተጎድቶ ከአራት ጨዋታ በኋላ ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ሂዩስተን ላይ ደክሞኛል ብሎ ለአንዲት ቅብብል ከሜዳ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት በሱ ቦታ ጆ ፍላኮ ተሰለፈ። አንዲት ቅብብል! የዚያን ቀን ማታ ስልኬ አላረፈም።

የመጀመሪያ ዓመት ቁጥር ላይ መሐላ መግባት

ጆሽ አለን በ2018 የተያዙለት ኳሶች 52.8 በመቶ ነበሩ። በ2020 ወደ 69.2 ደረሰ። ማክ ጆንስን ደግሞ ከላይ አንብበሃል። በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

የወደቀውን ሁሉ እርካሽ ነው ብሎ መግዛት

ይህ የሚያጠቃው ትንሽ ልምድ ያላቸውን ነው። ዳርኖልድ በ2024 ሚኒሶታን 14 ጨዋታ አሸነፈ፣ 35 ታችዳውን አቀበለ። በመጋቢት 2025 ሲያትል የሦስት ዓመት፣ እስከ 100.5 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ኮንትራት ሰጠው። ሜይፊልድ ታምፓ ሄዶ አበበ። ስለዚህ የወደቀ ኳርተርባክ ግዛ፣ ይነሳል፤ አይደል?

ቀስ በል። ሁለቱንም በትሬድ የገዛቸው ካሮላይና ነው። ሁለቱም ካሮላይና ላይ አልሆነላቸውም። ጥቅሙን ያገኙት በኋላ ምንም ምርጫ ሳይከፍሉ በነፃ ያስፈረሟቸው ቡድኖች ናቸው። የወደቀ ልጅ የሚነሳ ከሆነም ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ገዢ እጅ ከወጣ በኋላ ነው። እኔ በግሌ ሰው ተስፋ ቆርጦ እስኪለቀው እጠብቃለሁ እንጂ ለወደቀ ኳርተርባክ ከሦስተኛ ዙር በላይ አልከፍልም።

ተቃራኒውም አለ። ያው ካሮላይና በመስከረም 2024 ብራይስ ያንግን ከሁለት ጨዋታ በኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ለእሱ ተጫዋቻቸውን ዲጄ ሙርንና የምርጫ መዓት ከፍለው ነበር። ያን ሳምንት ዋጋው ወለል ነካ። ጥቅምት ላይ ተተኪው አንዲ ዳልተን የመኪና አደጋ ደርሶበት ጣቱ ተጎዳ፤ ያንግ ተመለሰ፤ ቦታውንም አልለቀቀም። ያን የመስከረም ሳምንት በኛ ሊግ ያንግን በአራተኛ ዙር ምርጫ የሸጠው ሰው አሁንም ግሩፑ ውስጥ አለ። ስሙን አልጠራም። ይህን ሲያነብ ራሱ ይደውላል።