«ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ከማለት በፊት፦ የዳታ ሎገር ሥልጠና ችግሮችና መፍትሄዎች

ዳታ ሎገር በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ሴንሰር ይሰካበታል፤ ሙቀት፣ ርቀት ወይም ፒኤች (የአሲድነት መጠን) እየለካ እዚያው ግራፍ ይሠራል። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የሳይንስ መምህራንን በዚህ ለማሰልጠን ካሰባችሁ፣ የሚከተሉት ነገሮች መግጠማቸው አይቀርም።

የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ አልሞላ አለ

ደሴ ላይ ውሃው እየተንተከተከ ሴንሰሩ 92 ገደማ ላይ ቀጥ ይላል። አንዱ ሰልጣኝ «ፎርጅድ ነው» ይላል፣ ሌላው ይስማማል፣ አለቀ።

ዕቃው ምንም አልሆነም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ ያው ሴንሰር 94 ገደማ ያነባል።

ትልቁ ጥፋት ሴንሰሩን «ለማስተካከል» ብሎ በፈላው ውሃ ላይ «100» ብሎ መሙላት ነው። ከዚያ በኋላ የሚለካው ሁሉ ይዛባል። መፈተሽ ከፈለጋችሁ ከጁስ ቤት በረዶ አምጡ፤ ፈጭታችሁ ጥቂት ውሃ ጨምሩበትና እያማሰላችሁ ለኩት። በረዶ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በ0 ዲግሪ ይቀልጣል። ንባቡ 0 አካባቢ ከሆነ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው።

እኔ ብሆን ሥልጠናውን የምጀምረው በዚህ ነው። የሁለቱን ከተማ መምህራን ግራፍ ጎን ለጎን አስቀምጡና «የማን ነው ልክ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው።

የኦክስጅን ሴንሰርም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። አንዳንዱ ደሴ ላይ 21 በመቶ ማሳየት ሲገባው 16 ገደማ ያሳያል፤ የሚሰማው ግፊቱን ነውና። ንጹሕ አየር ላይ አውጥታችሁ 20.9 ብላችሁ አስተካክሉት። እዚህ ላይ ማስተካከሉ ትክክል ነው።

የእንቅስቃሴ ግራፉ ይዘላል

ሴንሰሩ የማይሰማ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን ይጠብቃል። ድምፁ እየሰፋ ስለሚሄድ የዴስኩ እግር ይመልሰዋል። ጋቢ ወይም ሹራብ ደግሞ ይውጠዋል። መንገዱን አጽዱ፤ የሚራመደው ሰው ደረቱ ላይ ካርቶን ይያዝ፤ ከግማሽ ሜትር በላይ አይጠጋ።

ፒኤች አንድ ቦታ አይረጋም

አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ደርቆ ነው። በራሱ ማቆያ ፈሳሽ አሳድሩትና በፒኤች 4 እና 7 ባፈር (ፒኤቹ የታወቀና የማይዋዥቅ ፈሳሽ) አስተካክሉት። በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ውስጥ ግን አታቆዩት፣ ይጎዳዋል። ካልተመለሰ ዕድሜው አልቋል፤ ይቀየር።

ከክረምት በኋላ አልበራ አለ

ባትሪው ባዶውን ከርሞ ነው። ሰኔ ላይ ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ሥልጠናው አለቀ፣ መሣሪያው ግን ከስቶር አይወጣም

ይሄኛው ከሁሉም ይከብዳል። መምህሩ የት እንደሚጫን ያውቃል። የሚፈራው ፊርማውን ነው። ተማሪ ቢጥለው ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ ያስባል፤ ስጋቱም ከመሬት የተነሳ አይደለም። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩንና የንብረት ክፍሉን ሥልጠናው ላይ ጋብዙና በትምህርት ላይ ሳለ ቢሰበር ማን ኃላፊ እንደሚሆን በጽሑፍ አስጨርሱ።

ሁለተኛው ምክንያት ሥልጠናው ሜኑ በማሳየት ማለቁ ነው። 60 ተማሪና አንድ ሎገር ይዞ በ40 ደቂቃ ምን ይሠራል? ይህንኑ አለማምዱት። «ስታርት» ከመጫኑ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የሚጠብቀውን ግራፍ ደብተሩ ላይ ይሳል። ሎገሩ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ የቀረው ጊዜ ለክርክር ነው።

ሎገር ጨርሶ ለሌለው ትምህርት ቤት ፋይፎክስ (phyphox) የሚባለውን ነፃ አፕ ስልክ ላይ ጫኑ። የጀርመኑ አኸን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ነው። ስልኩ የአየር ግፊት ሴንሰር ካለው፣ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ጥሩ ግራፍ ይወጣል።