በሕክምና ትምህርት ቤት ቤተ መዛግብት ያሉ ጥንታዊ ፎቶግራፎች እንዴት ይጠበቃሉ

በሕክምና ትምህርት ቤቶች ቤተ መዛግብት ውስጥ ከመምህራንና ከተመራቂዎች ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ለማስተማሪያ የተዘጋጁ የመስታወት ስላይዶች፣ ከሕክምና በፊትና በኋላ የተነሱ የታካሚዎች ምስሎች፣ የራጅ ፊልሞችና በእጅ የተሳሉ የሰውነት ክፍሎች ሥዕሎች ይገኛሉ። ምስሉ የማን እንደሆነ፣ ምን ሕመም እንደሚያሳይና መቼ እንደተነሳ የሚገልጸው ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ በምስሉ ላይ ሳይሆን በፖስታው፣ በሣጥኑ ወይም በሌላ መዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከጽዳት ሳይሆን ከምዝገባ ነው።

ምንም ነገር ከቦታው ሳይነሳ

መጀመሪያ መደርደሪያውን፣ ቀጥሎ የተከፈተውን ሣጥን፣ ከዚያም እያንዳንዱን ፖስታ ከፊትና ከኋላ ፎቶግራፍ ያንሱ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ጊዜያዊ ቁጥር ይስጡና በፖስታው ላይ ያለውን ጽሑፍ ከነስሕተቱ እንዳለ ይገልብጡ። የራስዎ ግምት ካለ በተለየ ዓምድ ይስፈር። የሕመሙ ስም ዛሬ የማይሠራበት ቢሆንም እንኳ አያርሙት፤ ሐኪሙ በዘመኑ ሕመሙን እንዴት ይረዳው እንደነበር የሚመሰክረው ያው አሮጌ ስም ስለሆነ አዲሱ መጠሪያ ከጎኑ ቢጻፍ ይበቃል።

ይህን ደረጃ አጥብቄ የምናገረው እኔው ራሴ ስላበላሸሁት ነው። በሥራው መጀመሪያ አካባቢ አራት ሣጥን የመስታወት ኔጋቲቭ (ብርሃኑና ጥላው ተቀያይሮ የሚታይበት፣ ፎቶግራፍ የሚታተምበት ምስል) ተረክቤ ነበር። ፖስታዎቹ ቢጫ ሆነው በእጅ ሲነኩ ይሰባበሩ ስለነበር አሲዳቸው ምስሉን እንዳይጎዳው በሚል ኔጋቲቮቹን ወደ አዲስ ፖስታ አዛውሬ አሮጌዎቹን ጣልኳቸው። በየፖስታው ጥግ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር መኖሩን አይቼ ነበር፤ ነገር ግን የፎቶግራፍ አንሺው ተራ ቁጥር ስለመሰለኝ አልገለበጥኩትም። ከወራት በኋላ የዚያው ዘመን የቀዶ ሕክምና መዝገብ ከሌላ ክፍል ሲገኝ ያ ቁጥር የታካሚው የካርድ ቁጥር እንደነበረ ተረዳሁ። ዛሬ እነዚያ ኔጋቲቮች በጥሩ ሁኔታ ላይ ናቸው፤ ሆኖም የትኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደተነሳ፣ የትኞቹ ሁለቱ የአንድ ሰው እንደሆኑ ማንም ሊያውቅ አይችልም። አሮጌው ፖስታ ከምስሉ ይለይ እንጂ አይጣል፤ ለምስሉ የተሰጠውን ጊዜያዊ ቁጥር ይዞ በሌላ ሣጥን ይቀመጥ።

ቅደም ተከተልም እንደ ጽሑፍ የሚነበብ ነገር ነው። አንድ መምህር በሣጥን የደረደራቸው ስላይዶች የአንድ ትምህርት ሙሉ አካሄድ ናቸውና በሕመም ዓይነት እንደገና ለመደልደል አይቸኩሉ። በመስታወት ስላይድ ጥግ ላይ የምትለጠፈው ትንሽ ክብ ወረቀትም ስላይዱ ወደ ማሳያ መሣሪያው የሚገባበትን አቅጣጫ ስለምታመለክት አትላጥ።

ግራና ቀኝ

በሌላ ቤተ መዛግብት ግራና ቀኙ የተቀያየረ ፎቶግራፍ ቀላል ጉድለት ሊባል ይችላል፤ በሕክምና ምስል ላይ ግን ልብን ወደ ቀኝ ያዛውራል፣ የታመመውን እግር በጤነኛው ይተካል። በመስታወትም ሆነ በተራ ፊልም ኔጋቲቭ ምስሉን የያዘው ወገን ደብዘዝ ያለ ሲሆን ሌላው ያንጸባርቃል፤ የሚያንጸባርቀው ወገን ወደ እርስዎ ሲዞር ምስሉ በትክክለኛ አቅጣጫው ይታያል። ይህ ዘዴ ለራጅ ፊልም ሁልጊዜ አይሠራም፤ ብዙ የራጅ ፊልሞች በሁለቱም ወገን የተቀቡ በመሆናቸው መመሪያ የሚሆነው ግራ ወይም ቀኝ እንዲያመለክት በፊልሙ ላይ የታተመው ፊደል ነው። ምልክት ካልተገኘ አቅጣጫው አለመረጋገጡን በመዝገቡ ላይ ይጻፉ።

ፊልሙ ከምን ተሠራ?

እዚህ ላይ የሰው ሕይወትም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ በሚገኘው ክሊቭላንድ ክሊኒክ የተከማቹ፣ ናይትሬት ከሚባል በቀላሉ የሚቀጣጠል ፕላስቲክ የተሠሩ የራጅ ፊልሞች ተቀጣጥለው 123 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ከፊልሙ የወጣው መርዛማ ጋዝ ነበር። የናይትሬት ፊልም እስከ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ተመርቷል። ጠርዙ ላይ «ሴፍቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ከሌለበት፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ከተጣበቀ ወይም የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው እንደ ናይትሬት ይቁጠሩትና ከሌሎች ለይተው ቀዝቃዛና አየር የሚዘዋወርበት ቦታ በማድረግ የእሳት አደጋ ባለሙያ ያማክሩ። አንዳንዶች ቁራጭ ቆርጦ በማቃጠል መለየት ይቻላል ይላሉ፤ ይህን በፍጹም አያድርጉ።

«ሴፍቲ» የተባለው የአሴቴት ፊልም በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ነገር ግን ሲበላሽ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ይሸበሸባል፣ የሚያወጣው አሲድም ጎረቤቱን ፊልም ያበላሻል። በአፍንጫ ከመመራመር የአሲድ መለኪያ ወረቀት መጠቀም ይሻላል፤ በሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ሲለወጥ የጉዳቱን መጠን ያሳያል። ባለኝ አስተያየት ገንዘብ ሲያንስ ከስካነር በፊት የሚገዛው ይህ ወረቀት ነው።

ጽዳትና ማሸግ

አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር ይጠረጋል። ምስሉን የያዘው ጄላቲን ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ በውሃም ሆነ በአልኮል አያጽዱት። ሻጋታ የያዘ ዕቃ ወዲያውኑ ለብቻው ይለይ። አግራፍ፣ ላስቲክና ስኮች አይጠጉ። ለመስታወት የጥጥ ጓንት ስለሚያንሸራትት የናይትራይል ጓንት እመርጣለሁ።

ለመስታወት ኔጋቲቭ የሚመቸው በአራት ወገን የሚታጠፍ፣ አሲድ የሌለበትና ለፎቶግራፍ ተስማሚነቱ በፈተና የተረጋገጠ ወረቀት ነው። ቁጥሩን ዕቃው ከመግባቱ በፊት በእርሳስ ይጻፉበት። መስታወቱ በረጅም ጠርዙ ይቁም፤ የተሰነጠቀው ብቻ ይጋደም። ከፕላስቲክ ፖሊስተር ይሆናል፤ ፒቪሲ ግን አይሆንም፤ የሚያጣብቅ ገጽ ያላቸው አልበሞችም እንደዚሁ። ክፍሉ ከ21 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ እርጥበቱም ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። ፊልም ከማቀዝቀዣ ሲወጣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ መሸፈኛው አይከፈት፤ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

ስካን ማድረግና የታካሚው ምስጢር

የወረቀት ፎቶግራፍ ቢያንስ በ600 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች 600 የምስል ነጥብ)፣ ትንንሽ ኔጋቲቭ ከዚያ በላይ ስካን ተደርጎ የምስሉን ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት በቲፍ ይቀመጥ፤ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከሕንጻው ውጭ ይሁን። የስልክ መተግበሪያዎች ምስሉን በራሳቸው እያስተካከሉ ስለሚለውጡት ለዝርዝር ማዘጋጃ ካልሆነ በቀር አልመክራቸውም።

ቀደም ሲል እንዳይጠፋ የተጠነቀቅንለት የካርድ ቁጥር አሁን ደግሞ ታካሚውን ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ፋይል ይዘጋጅ፤ አንደኛው ሕመሙን፣ ዘመኑንና የምስሉን ዓይነት የሚገልጽና ለተመራማሪ የሚታይ፣ ሁለተኛው ስምንና የካርድ ቁጥርን ከጊዜያዊው ቁጥር ጋር የሚያያይዝና በቁልፍ የሚጠበቅ። በዋናው ፎቶግራፍ ላይ የተጻፈ ስም አይፋቅም፣ በቀለምም አይሸፈንም፤ የሚሸፈነው በቅጂው ላይ ነው። ዓይንን ብቻ በጥቁር መስመር መጋረድ ማንነትን አይደብቅም፤ የፊት ቅርጽ፣ ጠባሳና አልባሳት ለሚያውቁት ሰው በቂ ናቸውና። ሁለተኛው ፋይል ሲከፈት ማን እንደፈቀደ፣ ለማን፣ ለምን ሥራና በየትኛው ቀን እንደሆነ በዚያው ፋይል ላይ ይመዝገብ።