ከንጣፍ ሥር ያለ ሥር፦ ችግሩና መፍትሄው

የማወራው በድንጋይ ንጣፍ መካከል ስለሚተከል ዛፍ ነው። ውሃ ማጠጣትና ደጋፊ እንጨት ማሰር የታወቀ ነውና አልፈዋለሁ።

ችግር፦ ዛፉ ሁለት ክረምት ለምልሞ በሦስተኛው እድገቱ ይቆማል፤ ጫፉም መድረቅ ይጀምራል።

አዲስ አበባ ውስጥ የምጠራው በአብዛኛው ለዚህ ነው። ባለቤቱ ተባይ መስሎት መድኃኒት አስረጭቶ ይጠብቀኛል። ተባይ አይደለም። ከንጣፉ ሥር የሚደለደለው ገረጋንቲ በሮለር ከተጠቀጠቀ በኋላ አንድ ሰው በዲጂኖ ግማሽ ሜትር ፈልፍሎ ተክሎታል፤ ጉድጓዱ ማሰሮ ሆኗል። ሥሩ ግድግዳውን ሲነካ ይታጠፋል፣ ይዞራል፣ ራሱን ያንቃል። በቦሌው ጥቁር አፈር ደግሞ ይብሳል፤ ክረምት ውሃው ተቋጥሮ ሥሩ አየር ያጣል።

አንድ ጊዜ የደረቀ ጃካራንዳ ለመንቀል አራት ሰው ይዤ ሄድኩ። አንዱ ልጅ ግንዱን ወዝወዝ አድርጎ ብቻውን መዘዘው። ሥሩ የጉድጓዱን ቅርጽ ይዞ፣ እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ። መካከሉ ላይ የችግኙ ጥቁር ላስቲክ እንዳለ ነበር! ላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡ። ስንት ጊዜ ልናገር?

መፍትሄ፦ አዲስ ተከላ ከሆነ ነጠላ ጉድጓድ ሳይሆን ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ረጅም ቦይ ቆፍሩ። በክብደት አራት እጅ የተሰባበረ ድንጋይ፣ አንድ እጅ አፈር ቀላቅላችሁ ሙሉት፤ አሜሪካ ውስጥ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ያወጣው ዘዴ ነው። ድንጋዮቹ ተደጋግፈው የንጣፉን ጭነት ይሸከማሉ፤ በመካከላቸው ያለው አፈር ሳይጠቀጠቅ ለሥሩ ይቀራል። ድንጋዩ መጠኑ ተመሳሳይና ብናኝ የሌለበት ይሁን። ብናኝ ክፍተቱን ከደፈነው ድካማችሁ ከንቱ ነው። "ያው ጠጠር ነው" ተብሎ የመጣልኝን ሁለት መኪና መልሻለሁ።

ዛፉ ቀድሞ ካለ ንጣፉን አንስታችሁ ከግንዱ ወደ ውጭ እንደ ጃንጥላ ሽቦ የተዘረጉ ሦስት አራት ቦዮች በእጅ ቆፍሩ፤ ብስባሽ በተቀላቀለ አፈር ሙሉ። በኤክስካቫተር አትሞክሩ። ከአውራ ጣት የወፈረ ሥር አትቁረጡ።

ችግር፦ ንጣፉ በሥሩ ተገፍቶ ይነሳል።

ሥሩ አየርና እርጥበት ያገኘው ከንጣፉ ሥር ባለው አሸዋ ብቻ ስለሆነ ነው። ሥሩን በመጥረቢያ የቆረጠ ሰው ዛፉን በነፋስ ቀን መኪናው ላይ ያገኘዋል። ንጣፉን አንሱ፣ አሸዋውን በንጹሕ ደረቅ ድንጋይ ተኩ፣ መልሳችሁ አንጥፉ።

ችግር፦ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጅማቱ ግን አረንጓዴ ነው።

የሲሚንቶ እጣቢ ተደፍቶበታል፤ አፈሩ ዛፉ የሚፈልገውን ብረት ለሥሩ አይለቅም። አፈሩን ቀይሩ።

ዛፉ በጥቂት ቀን ውስጥ በሙሉ ከጠወለገ፣ በአካባቢው የመኪና ዘይት የሚቀይር ሰው እንዳለ ጠይቁ።