ቫይታሚንና ጨጓራ፦ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝ ስህተቶች

"ጨጓራዬን እያቃጠለኝ ነው፣ ካንሰር እንዳይሆንብኝ ቫይታሚን ስጠኝ።" ደሴ ላይ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ሳይሰማ አይከርምም። ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው ፊትና ኋላው ሲገለበጥ ነው።

ባክቴሪያውን ትቶ ቫይታሚን መዋጥ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የጨጓራ ካንሰር ባንድ ጀንበር አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ጨጓራን ለዓመታት ያስቆጣል፤ የውስጥ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ቆይቶም ሕዋሳቱ ተለውጠው የአንጀት ሕዋስ ይመስላሉ። ባክቴሪያው በጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ሲም ያመናምናል። ቻይና ሻንዶንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 በተጀመረ ጥናት ገሚሶቹ ባክቴሪያ የሚገድለውን አሞክሳሲሊንና የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ለሁለት ሳምንት ወሰዱ፤ ሌሎች ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም የተባለ ማዕድን ለሰባት ዓመት ዋጡ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጨጓራቸው ሲታይ ቅድመ ካንሰር ለውጡን የቀነሰው የሁለት ሳምንቱ ሕክምና ነበር። የቫይታሚኑ ጥቅም የታየው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እና ባክቴሪያው እያለ ገንዘብዎን ለምን በቫይታሚን ይጨርሳሉ?

መድኃኒቱን ማቋረጥ። አንዲት እናት ቫይታሚን ሊገዙ መጥተው "እትዬ፣ የታዘዘልዎትን ጨረሱ ወይ?" አልኳቸው። "ሲሻለኝ ተውኩት፣ የተረፈውን ለልጁ ሳል አስቀምጬዋለሁ" አሉና ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው አሞክሳሲሊኑን አሳዩኝ። ማቃጠሉን ቶሎ ያስታገሰላቸው ኦሜፕራዞሉ እንጂ ባክቴሪያው ገና አልሞተም ነበር። እንዲህ የተረፈ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምድና ሁለተኛ ጊዜ ለማጥፋት ያስቸግራል። 14 ቀን ከተባለ 14 ቀን ነው፤ የልጁም ሳል ለብቻው ይታይ።

ቶሎ መመርመር። መጥፋቱን ለማወቅ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ካቆሙ 2 ሳምንት ይቆዩና ሰገራ ያስመርምሩ። የደም ምርመራው ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ "አለ" ሊል ይችላል።

ሲጋራ እያጨሱ የቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው) እንክብል መውሰድ። ፊንላንድ ውስጥ በቀን 20 ሚሊግራም የወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በካሮትና በፓፓያ ውስጥ ያለው አያሰጋም።

ጎመኑን አንተክትኮ ውኃውን መድፋት። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይጠፋል፣ በውኃውም ይሄዳል። ስንግ ቃሪያ በቫይታሚን ሲ የታወቀ ነው፤ የሚያቃጥልዎት ከሆነ ከቆላው የሚመጣው ፓፓያ ይበቃል።

ለጀርባ ሕመም ዳይክሎፌናክ እየዋጡ ስለ ጨጓራ ማማረር። ማስታገሻው ራሱ ጨጓራን ይጎዳልና ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ምልክት እያዩ መቆየት። ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ምግብ አልወርድ ካለዎት፣ ደም ካስታወከዎት ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ለኢንዶስኮፒ (ጨጓራን ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ለማየት) ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የደም ማነስ እንክብልም ሰገራ ያጠቁራልና የሚወስዱ ከሆነ እሱንም አይደብቁ።