በዝውውር ለመጣችሁ የሕግ ተማሪዎች፦ «ክሬዲትሽ አልሞላም» ከተባላችሁ

ድሬዳዋ በዝውውር የመጣሁ የሕግ 5ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከተመራቂዎች ዝርዝር ስሜ ጠፋ። ሬጅስትራር «እዚህ የተማርሽው ክሬዲት አይበቃም» አለኝ፤ በዝውውር የተያዘልኝ በጠቅላላው ውስጥ ቢቆጠርም፣ እዚሁ መወሰድ ካለበት ውስጥ አይገባም።

ከድሮው ግቢ ትራንስክሪፕት አስላኩ፣ አልረዳም። ከዲፓርትመንት ደብዳቤ አጻፍኩ፣ እሱም አልሠራም። በዚያ ሙቀት ከሳቢያን ሰፈር አራት ቀን በባጃጅ ተመላለስኩ።

አምስተኛው ቀን ግሬድ ሪፖርቴን አሳትሜ መስመር በመስመር አየሁት። የማስረጃ ሕግና የወንጀል ሥነ ሥርዓት፣ እዚሁ ተቀምጬ የተማርኳቸው፣ «በዝውውር የተያዘ» ተብለው ተመዝግበዋል! የሁለቱን ሴሚስተር የምዝገባ ስሊፕ (እንኳን አልጣልኩት) ከሪፖርቱ ጋር ለሪከርድ ሠራተኛው ሰጠሁ። እዚያው ፊት ለፊቴ መዝገቡን አስተካክሎ ክሬዲቱን እንደገና ደመረ። ከሰዓት ስሜ ተለጠፈ።